«አባቱ ይነጥቀዋል፣ እኔ እመልስለታለሁ»

ጥያቄ፦ «የ15 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል ነው። የምንኖረው አዳማ ነው። አባቱ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው በወር ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ ነው። ልጁ ሌሊቱን ፍሪ ፋየር ሲጫወትና ቲክቶክ ሲያይ ያድራል። ጠዋት እሱን መቀስቀስ መከራ ነው። አባቱ ቤት ሲሆን ግን ስልክ አይነካም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይተኛል። ከክፍሉ 6ኛ ይወጣ የነበረ ልጅ በዚህ መንፈቅ 27ኛ ወጣ። አባቱ ባለፈው ሲመጣ ካርዱን አይቶ ቀበቶ አነሳበት፣ ስልኩንም ወለል ላይ ከስክሶ ሰበረው። ልጁ ሁለት ቀን እህል አልቀምስም አለ። አንጀቴ አልችል ብሎ አባቱ ጉዞ እንደወጣ የእኔን ስልክ ሰጠሁት፤ አሁን የሚያድረው በእሱ ላይ ነው። ዘመድ ሁሉ ‹አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው› ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ሱስ ስለሆነ ማገገሚያ ይግባ ትላለች። ልጄ ሱሰኛ ነው? ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የአባቱ? ስልክ ጭራሽ ብከለክለውስ?»

ምላሽ፦ ከጻፉት ውስጥ ጎረቤትዎም ዘመድዎም ልብ ያላሉት አንድ ነገር አለ፤ አባቱ ቤት ሲሆን ልጁ ስልክ አይነካም፣ በጊዜም ይተኛል። ስለ ሱስ የጠየቁኝ መልሱ አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከቁጥጥር የወጣ የቪዲዮ ጨዋታን በበሽታዎች ዝርዝሩ 11ኛ እትም ውስጥ አስገብቶታል፤ ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። መለኪያው ግን ጥብቅ ነው። መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም ልጁ ራሱ መወሰን ያቃተው፣ ጨዋታው ከትምህርቱም ከጓደኞቹም ከሌላው ሁሉ የቀደመበት፣ ጉዳቱን እያየም የሚቀጥል መሆን አለበት፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል መቆየት አለበት። «የኢንተርኔት ሱስ» ወይም «የቲክቶክ ሱስ» የሚባል በሽታ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያው የኢንተርኔት ጨዋታን ያስቀመጠው ገና ተጨማሪ ጥናት ከሚያስፈልጋቸው ጉዳዮች ጋር ነው።

ልጅዎ አባቱ ሲመጣ የሚያቆመው በፍርሃት እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም ማቆም ይችላል፤ በጊዜ መተኛትም ይችላል። ስለዚህ ሱሰኛ የሚለውን ስም ከቤትዎ ያውጡት። ልጅ «ሱሰኛ ነህ» እየተባለ ከሰነበተ ራሱም ያምንበታል፤ «ምን ላድርግ፣ አልችልም» የሚለውንም ምክንያት እኛው እንሰጠዋለን። ስሙን ያውጡት ስል ግን ችግሩ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ልጁ ሌሊቱን እያጣ ነው፣ ትምህርቱም እያመለጠው ነው፤ ይህ ዛሬውኑ መልክ መያዝ አለበት።

ከ6ኛ ወደ 27ኛ መውረዱን ሁሉም ሰው ከጨዋታው ጋር ነው ያያያዘው፤ እኔ የማየው በመጀመሪያ እንቅልፉን ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። በዚህ ዕድሜ ሰውነት ራሱ የመኝታ ሰዓቱን ያዘገያል፤ ልጁ በ3 ሰዓት እንቅልፍ አልመጣልኝም ሲልዎት እየዋሸ ላይሆን ይችላል። በዚያ ላይ ኢንተርኔቱ በሌሊት ፓኬጅ ይረክሳል፤ የኪስ ገንዘቡን ቆጥቦ ካርድ የሚሞላ ልጅ ሌሊቱን ቢመርጥ አይገርምም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኝቶ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሣ ልጅ ክፍል ውስጥ ዓይኑ ተገልጦ ቢቀመጥም ትምህርቱ አይገባውም። ቁጡ ይሆናል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይዛባል፣ ከሰዓት በኋላ ይተኛል፣ ሌሊት ደግሞ ነቅቶ ያድራል። እናቶች «ጠባዩ ተቀየረብኝ» ብለው ከሚነግሩኝ ብዙው ልጁ ጥቂት ሳምንት በደንብ ሲተኛ አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጥፋቱ። «አሞላቀቅሽው» የሚሉዎት ሰዎች ወላጅነትን በአንድ መስመር ነው የሚያዩት፤ በአንዱ ጫፍ ጥብቅ፣ በሌላው ጫፍ ልል። ጉዳዩ ከዚህ ይሰፋል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳያና ባውምሪንድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወላጆችን ስታጠና ሦስት ዓይነት አስተዳደግ ለየች፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ኤሌኖር ማኮቢና ጆን ማርቲን አራተኛ ጨመሩበት። መለያዎቹ ሁለት ናቸው፤ ወላጁ ለልጁ ያለው ቅርበትና ሙቀት፣ እንዲሁም ከልጁ የሚጠብቀው ሥርዓት። ሥርዓት እንጂ ቅርበት የሌለው ፈላጭ ቆራጭ ነው። ቅርበት እንጂ ሥርዓት የሌለው ልል ነው። ሁለቱም የሌሉት ልጁን የተወ ቸልተኛ ነው። የቀረው ሁለቱንም የያዘ ነው፤ ደንብ ያወጣል፣ ምክንያቱን ይናገራል፣ ልጁን ይሰማል፣ መጨረሻ ላይ ግን የሚወስነው ወላጁ ነው። ስለዚህ ልጅን መውደድና ልጅን መያዝ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። ልጅ የሚሞላቀቀው በፍቅር ብዛት ነው የሚለው ሐሜት ከጥናት አንጻር መሠረት የለውም።

ከኢንተርኔት ጋር በተያያዘም ከቻይና እስከ ቱርክ በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ዋናው አዝማሚያቸው ተመሳሳይ ነው። ወላጆቻቸውን ቅርብና ሙቅ አድርገው የሚያዩ ልጆች ከኢንተርኔት ጋር ያላቸው ችግር ያነሰ ነው፤ የተተዉና በዱላ በስድብ የሚያድጉ ልጆች ደግሞ የባሰ ነው። ልል ወላጆችን በተመለከተ ውጤቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ይህን ስነግርዎ ግን ጥናቶቹ ከሚሸከሙት በላይ እንዳያሸክሟቸው እለምንዎታለሁ። አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ መጠይቅ የተሠሩ ናቸው፤ ልጁ ስለ ወላጁም ስለ ስልኩም የሚናገረው ራሱ ነው። አስተዳደጉ ልጁን ወደ ስልክ እንደገፋው ወይም የልጁ ሌሊት ማደር ወላጁን እንዳከረረው አይለዩም፤ በሥራዬ የማየው ሁለቱ እየተመጋገቡ ሲሄዱ ነው። የልጁ ተፈጥሮም አለ፤ ድብርት ያለበት፣ ወይም ትኩረቱን መሰብሰብ ከልጅነቱ የሚያቅተው ልጅ በጥሩ ቤት ውስጥም ስልክ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት «ጥፋቱ የማን ነው» ለሚለው ጥያቄ ማንም ሐቀኛ ባለሙያ ስም ጠርቶ አይመልስልዎትም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ይህን የባውምሪንድ ምድብ ያነበቡ ወጣት ወላጆቻችን የአገራችን አስተዳደግ በሙሉ ፈላጭ ቆራጭ ነው ብለው ሲደመድሙ እሰማለሁ። አልስማማም። ሩት ቻኦ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ቻይናውያን ወላጆች ስትጽፍ፣ ለውጭ ሰው ግትርነት የሚመስለው ጥብቅነት በልጆቹ ዘንድ እንክብካቤ ሊሆን እንደሚችል አሳይታለች። ታላቅ ሲገባ ብድግ ማለት፣ ሲጠሩ «አቤት» ማለት፣ ሳያስፈቅዱ አለመውጣት ልጅን አይጎዱም። የሚጎዳው ውርደት ነው፤ እህት ወንድሙ ፊት መመታት፣ «አንተ ከንቱ» መባል፣ ምክንያቱ ያልተነገረ ቅጣት።

የእርስዎን ቤት ሳየው የአባቱ ጥብቅነት ብቻውን ወይም የእርስዎ ርኅራኄ ብቻውን ችግሩን አላመጣውም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሕግ አለ፤ አባት ሲመጣ አንዱ ይሠራል፣ መኪናው ከከተማ ሲወጣ ሌላው ይተካል። ልጁ ምን ቢያደርግ ምን እንደሚከተል የሚያውቀው የአባቱን የጉዞ ቀን በመቁጠር ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ልጅ የሚለማመደው ጊዜ መጠበቅን እንጂ ራስን መግዛትን አይደለም።

ሁለቱ ቀን የተጾመው እህል ደግሞ ለብቻው መነሣት አለበት። እናት ነዎት፤ ልጅዎ ሲራብ ማየት እንዴት እንደሚያቃጥል አውቃለሁ፣ ስልኩን ስለሰጡት አልወቅስዎትም። ልጁ ግን የተማረውን ተምሯል፤ በቂ ጊዜ ካኮረፍኩ ይሰጠኛል። አንዳንዴ ተከልክሎ አንዳንዴ የሚገኝ ነገር ሁልጊዜ ከሚገኝ ነገር ይልቅ ልጅን ያስጎመጃል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ቀን ካልበቃ ሦስት ቀን ይሞክራል። አምርረው ከልክለው ኋላ ከሚሸነፉ፣ ከመጀመሪያው ትንሽ ፈቅደው በዚያ ላይ ቢጸኑ በብዙ ይሻላል።

የአባቱ መንገድም የማይሠራበት ምክንያት አለው። ቀበቶና የተሰበረ ስልክ ልጁን ያስፈሩታል፤ ስልኩን ለምን እንደሚፈልግ ግን አይነኩም። አብዛኛው የ15 ዓመት ልጅ ጨዋታ ውስጥ የሚያገኘው ቤት ውስጥ ያጣውን ነው፤ ጎበዝ መባልን፣ ከጓደኞች ጋር መሆንን፣ ማንም የማያዘው ትንሽ ግዛትን። ቤቱ በጮኸበት ቁጥር ያ ግዛት ይጣፍጠዋል። መደበቅንም ይማራል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የኢንተርኔት ጨዋታ እንዳይጫወቱ በሕግ ከለከለች። ልጆቹ በወላጆቻቸው መታወቂያ ቁጥር እየገቡ ተጫወቱ፣ ሌሎችም ሕጉ ወደማይነካው የስልክ ጨዋታ ዞሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ መንግሥት ሕጉን ሰርዞ ጉዳዩን ለወላጆችና ለልጆች ስምምነት ተወው። መንግሥት ያላስከበረውን እርስዎ ብቻዎን በአዳማ አያስከብሩትም፤ ለጓደኛው ስልክ ማን ይደርስበታል?

ስለዚህ ጭራሽ መከልከሉን አልመክርም። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ መምህራኑ ወርክሺት የሚልኩት በቴሌግራም ነው፣ የጓደኞቹ ወሬም ያለው እዚያው ነው። ከዚያ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ልጅ በክፍሉ ብቻውን ይቀራል። «ትምህርት ነው» የሚለውን ሁሉ ግን አይመኑ፤ የመምህሩ ፋይል ወርዶ ለማንበብ ሌሊት 8 ሰዓት መጠበቅ አይጠይቅም።

ከልጁ ጋር የሚታገሉትም ልጁን ብቻ እንዳይመስልዎት። ቲክቶክ መጨረሻ የለውም፤ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ይመጣል፣ ልጁን «በቃ» የሚለው አንድም ቦታ የለም። በ15 ዓመቱ ደግሞ ራስን የሚገታው የአንጎል ክፍል ገና እየበሰለ ነው፤ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ይቀጥላል። ለባለቤትዎ በሙያው ቢነግሩት ይገባዋል፤ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ያለው፣ ፍሬኑ ግን ያልተገጠመ መኪና ቁልቁለት ላይ ማለት ነው፤ ፍሬኑ እስኪገጠም ወላጅ ነው ፍሬን የሚሆነው። ፍሪ ፋየር ለየት ይላል። አንድ ዙር ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም፣ አብዛኛውን ጊዜም አራት ጓደኛሞች በአንድ ቡድን ሆነው ይገባሉ። እርስዎ ድንገት ገብተው «ዝጋ!» ሲሉት መሐል ላይ ከወጣ ሦስቱን ጓደኞቹን ጥሎ እንደሸሸ ይቆጠርበታል፤ የሚጮህብዎትም ለዚህ ነው። «ይህ ዙር ሲያልቅ» ካሉት ማለቂያው ቅርብ ነው፣ ክብሩም አይነካም። ይህን ትንሽ ነገር ብቻ አስተካክለው ከየምሽቱ ጩኸት የተገላገሉ ቤቶች አውቃለሁ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፤ እንዳይሸራርፉት። በመጀመሪያ ከልጁ ጋር ሳይሆን ከባለቤትዎ ጋር ይነጋገሩ። ልጁ በሌለበት፣ በስልክም ቢሆን፣ ሁለታችሁም በምትጸኑበት አንድ ደንብ ተስማሙ። ብዙ ደንብ አያውጡ። የመጀመሪያው ደንብ ሌሊቱን ብቻ የሚመለከት ይሁን፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ውስጥ ቻርጅ ላይ ያድራል። ሁሉም ስል የእርስዎንም፣ ሲመጣም የአባቱን ማለቴ ነው። እርስዎ አልጋ ላይ ሆነው ቲክቶክ እያዩ ለልጁ ደንብ ቢነግሩት አይሰማዎትም፣ ትክክልም ነው። ስልኬ ማንቂያዬ ነው ካሉ ከሱቅ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይግዙ። የስልክዎንም የይለፍ ቁጥር ዛሬ ይቀይሩ፤ ሲያውሱት በቀን፣ ለታወቀ ጊዜ ይሁን።

ደንቡን ለልጁ የሚነግረው አባቱ ቢሆን እመርጣለሁ፤ እርስዎም አጠገቡ ሆነው በዚያው ቃል ይድገሙት። «ስልኩን መስበሬ ትክክል አልነበረም፤ ሌሊቱ ግን ለእንቅልፍ ነው» ቢለው አባትነቱ አይቀንስም። ከዚያ ልጁን ይጠይቁት፤ በሳምንቱ ቀን ስንት ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ስንት ሰዓት መጫወት ይፈልጋል? የሚለውን ይስሙ፣ ተከራከሩ፣ የቀኑን ሰዓት ከእሱ ጋር ወስኑት። ሌሊቱ ለድርድር አይቀርብም፣ ቀኑ ይቀርባል። ደንቡን ሲጥስ የሚከተለውም ቀድሞ የታወቀና ትንሽ ይሁን፤ ለምሳሌ የነገው የጨዋታ ጊዜ ይቀራል። ዱላ፣ ስድብ፣ ለአክስት ለአጎት ስልክ ደውሎ ማሳጣት አይኑር። አባቱም ከጉዞ ሲመለስ መጀመሪያ ስልኩን አይመርምር፤ አብረው ይብሉ፣ ወሬ ይጠያየቁ፣ ስልኩ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ሳምንት ከአሁኑ ይብሳል። ያኮርፋል፣ ምናልባት ሳህኑን ይገፋል። ምግቡን ቀርቦ እንዲያገኘው ያድርጉ፣ አይለምኑት፣ ስልኩንም ለምግብ መለወጫ አያድርጉት። ጤነኛ የ15 ዓመት ልጅ አንድ ሁለት ጊዜ ምሳ ቢዘል አይጎዳም፤ ውኃም ጭምር እምቢ ካለ፣ ወይም ምግብ አለመብላቱ ከዚያ ካለፈ ግን ሐኪም ይየው። ለስድስት ሳምንት ሳያቋርጡ ይያዙት። ከዚያ በፊት «አልሠራም» ብለው እንዳይተዉት፤ አንድ ሌሊት ሲሸነፉ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ወላጆች ከዚህ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ስልኩ ላይ በድብቅ መከታተያ ስለመጫን ነው። ለ15 ዓመት ልጅ አልመክርም። ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሆካን ስታቲንና ማርጋሬት ኬር፣ ስዊድን ውስጥ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ወላጆች ስለ ልጃቸው ውሎ የሚያውቁት በአብዛኛው ልጁ ራሱ ሲነግራቸው እንጂ ሲሰልሉት እንዳልሆነ አሳይተዋል። ልጅ የሚናገረው የሚሰማው ሲያገኝ ነው። አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብለው «እስቲ አሳየኝ፣ ይሄ ሰውዬ ምንድን ነው የሚያደርገው?» ይበሉት። ጨዋታውን ባይወዱትም ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ በስንት ሰዓት እንደሚገናኙ፣ ምን እንደሚያናድደው ከዚያ ግማሽ ሰዓት ይገባዎታል። መቆጣጠሪያ መተግበሪያ መጫን ካለበትም ልጁ እያወቀ፣ ምን እንደሚያሳይዎት ተነግሮት ይሁን።

ከጨዋታ ጋር እንዳያምታቱት የምፈልገው ነገር አለ። ገንዘብ ከቤት መጥፋት ከጀመረ፣ ልጁ ስለ አውሮፓ ኳስ ውጤት እንደ ሕይወቱ የሚጨነቅ ከሆነ፣ የስፖርት ውርርድ ይጠርጥሩ፤ እሱ ሌላ ችግር ነው፣ እስከ ስድስት ሳምንትም አያስጠብቅም። መልእክት ሲገባ የሚደነግጥ፣ ድንገት ስልኩን የሚደብቅ ልጅም በፎቶ ወይም በምስጢር እየተስፈራራ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «አልቆጣህም፣ ንገረኝ» መሆን አለበት።

ማገገሚያውን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ልጅዎን በግድ የትም እንዳይዘጉበት። ቻይና ውስጥ «የኢንተርኔት ሱስ ማገገሚያ» በሚል ስም በተከፈቱ ካምፖች ልጆች ተደብድበዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ታዳጊ ካምፕ በገባ በሰዓታት ውስጥ ተደብድቦ ሞቷል። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ለዚህ ጉዳይ ይሰጥ የነበረውን የኤሌክትሪክ ንዝረት አግዷል። ልጅን ከቤት አውጥቶ መዝጋት፣ ሲመለስ የሚጠብቀውን ቤት አይለውጠውም። ጸበል ልትወስዱት ካሰባችሁ ውሰዱት፤ ልጁ ወዶ ይሂድ፣ ሕክምና ካስፈለገውም ሕክምናው አይቅር።

ሕክምና የሚያስፈልገው ስድስት ሳምንት በአንድ ልብ ይዛችሁት ምንም ካልተለወጠ ነው፤ ከትምህርት ቤት መቅረት ከጀመረ፣ ይወዳቸው የነበሩትን ጓደኞቹንና ኳሱን ሁሉ ከተወ፣ ስልክ ባይኖርም ከክፍሉ ካልወጣም እንዲሁ። ያኔ ከስልኩ ጀርባ ድብርት ወይም ጭንቀት ሊኖር ይችላል፤ በትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ አዲስ አበባ መሄድ ከቻሉም አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሁለታችሁም ወላጆች አብራችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ልጁን ብቻ አይደለም። ስለ መሞት ካወራ፣ ወይም ራሱን ለመጉዳት ከሞከረ ግን ስድስት ሳምንት የሚባል ነገር የለም፤ ብቻውን አይተዉት፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት።